የዓመቱ ምርጥ ዘፈን በማን ጆሮ ይመረጣል? የሬዲዮ አዘጋጆች ምርጫ ከባሕር ዳር ሲደመጥ

ጾመ ፍልሰታ ከተፈታበት ከነሐሴ 16 ቀን እስከ እንቁጣጣሽ ያሉት ሃያ ያህል ቀናት በሀገራችን የሙዚቃ ገበያ እጅግ ከሚጨናነቁት ወቅቶች አንዱ ናቸው። ድምፃውያን አልበማቸውን ወይም ነጠላ ዜማቸውን ለበዓሉ ለማድረስ ይሽቀዳደማሉ፤ የኤፍ ኤም ሬዲዮ የሙዚቃ አዘጋጆችም በዚያው ሰሞን ያለፉትን አሥራ ሁለት ወራት አዳዲስ ሥራዎች አበጥረው «የዓመቱ ምርጥ» የሚሉትን ዝርዝር ለአድማጭ ለማቅረብ ይዘጋጃሉ። ጳጉሜን ሲገባ ባሕር ዳር ላይ ይህ ዝርዝር በባጃጅ ውስጥ፣ በፀጉር ቤት፣ በጀበና ቡና ዙሪያና በጣና ዳር መዝናኛዎች መከራከሪያ ይሆናል። ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የትኛው ዘፈን ገባ፣ የትኛው ቀረ በሚለው ላይ ያተኩራል። ዝርዝሩ በምን መለኪያ እንደወጣ ግን አዘጋጁም እምብዛም አይናገርም፣ አድማጩም እምብዛም አይጠይቅም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው መለኪያ ነው።

በብዙዎቹ የዓመት ማብቂያ ፕሮግራሞች ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይቀርባሉ፤ በዩቲዩብ ብዙ የታየው፣ አድማጭ ብዙ ድምፅ የሰጠው፣ አዘጋጁ ራሱ የወደደው። እያንዳንዱ በራሱ ነውር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ልብስ ለብሶ ሲቀርብ ነው፤ አዘጋጁ የራሱን ምርጫ «ሕዝቡ የመረጠው» ብሎ ሲጠራ፣ ወይም የዕይታ ቁጥርን አንብቦ «እኔ የመረጥኩት» ሲል። በእኔ እምነት ሬዲዮ ከሌሎቹ መገናኛዎች ሁሉ የሚለይበት ሀብቱ ሦስተኛው፣ ማለትም ስሙ የታወቀ ሰው ጆሮውንና ምክንያቱን ይዞ በአደባባይ የሚሰጠው ፍርድ ነው፤ ዛሬ ከዝርዝሮቹ እየጠፋ ያለውም እሱ ነው።

የዕይታ ቁጥር በመጀመሪያ ሲታይ ከሁሉም ይልቅ አድልዎ የሌለበት ይመስላል። ቁጥሩ ግን የሚቆጥረው ኢንተርኔት ያለውን ሰው ብቻ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከተፈጠረው የጸጥታ ችግር ጋር ተያይዞ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚታወቅ ነው። በእነዚያ ወራት አንድ አዲስ ዘፈን ባሕር ዳር የሚደርሰው በሬዲዮ፣ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ተገልብጦ፣ ወይም ከአዲስ አበባ በመጣ ሰው ስልክ ነበር። አድማጩ ዘፈኑን ሰምቷል፣ በቃሉ ይዞታል፣ በሠርግ ላይ ጨፍሮበታል፤ በዩቲዩብ ቆጣሪ ላይ ግን አንድም ምልክት አልተወም። ስለዚህ በዚያ ዘመን በዕይታ ብዛት የወጣ ማንኛውም የ«ሀገር አቀፍ» ደረጃ በሚሊዮን የሚቆጠር አድማጭን ሳያካትት የወጣ ነው። መስመሩ ከተመለሰ በኋላም ቢሆን ነገሩ ፈጽሞ አልተስተካከለም፤ ዳታ በብር እየገዛ ዘፈኑን አንድ ጊዜ አውርዶ ደጋግሞ የሚሰማ የባሕር ዳር ወጣትና ባልተገደበ ዋይፋይ ቀኑን ሙሉ ክሊፕ ከፍቶ የሚውል በውጭ የሚኖር ወገን በቆጣሪው ፊት እኩል አይደሉም። ዕይታ በማስታወቂያ ክፍያ የሚገፋ መሆኑም፣ ክሊፑ ያማረለት ደካማ ዜማ ክሊፕ የሌለውን ጠንካራ ዜማ በቀላሉ የሚበልጥ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ሬዲዮ ምስል የለውም፤ ለዚህ ሥራ ይህ ጉድለቱ ጥቅሙ ነው።

የአድማጭ ድምፅ ሌላ ጉዳይ ነው። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ከሚተላለፈው «ለዛ» ፕሮግራም የወጣው ሽልማት የአድማጮች ምርጫ መሆኑን በግልጽ ስለሚናገር መለኪያው ላይ ብዥታ አይፈጥርም። በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ልማድ አለ። በእንግሊዝ ቢቢሲ ሬዲዮ 1 ላይ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2004 ድረስ የሠራው ጆን ፒል እ.ኤ.አ. በ1976 አድማጮቹ የሚወዷቸውን ሃምሳ ዘፈኖች በዓመት መጨረሻ የሚመርጡበትን ፕሮግራም ጀመረ። መጀመሪያ ምርጫው በየትኛውም ዘመን ለወጡ ዘፈኖች ሁሉ ክፍት ነበርና ዝርዝሩ በየዓመቱ ያንኑ ይደጋግም ጀመር፤ ከእ.ኤ.አ. 1982 ወዲህ በዓመቱ በወጡ ሥራዎች ብቻ እንዲወሰን የተደረገውም ከዚያ በኋላ ነው። ልምዱ የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲመርጥ ወደሚያውቀው ያዘነብላል። ፒል ራሱ ስሙን ያገኘው ግን በሌሎቹ የዓመቱ ሳምንታት ማንም ያልሰማውን ሰው ዘፈን እያነሣ በማሰማቱ ነበር። የአድማጭ ድምፅ የታወቀውን ያጸናል፤ ያልታወቀውን ወደ ማይክሮፎኑ የማምጣት ኃላፊነት የአዘጋጁ ነው።

አዘጋጁ ምርጫው የራሱ መሆኑን ከተናገረ በኋላ አድማጭ ከእሱ የሚጠብቀው ምክንያት ነው። «ደስ የሚል ሥራ ነው፣ ተጋበዙልኝ» ማለት ምክንያት አይሆንም። ምክንያት ሊሆን የሚችለው ምን እንደሆነ ለማሳየት በቅርብ ዓመታት አዳዲስ ዘፈኖች ላይ በግልጽ የሚሰማን አንድ ለውጥ እንመልከት።

የሰሜኑና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ዘፈን በአብዛኛው በአምስት ድምፅ በተዋቀሩ አራት ዋና ቅኝቶች ይዜማል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ። ከእነዚህ ውስጥ ሰፊ የድምፅ ርቀት ያለው ትዝታ በኪቦርድ ከሚሠራ የምዕራባውያን የኮርድ (በአንድነት የሚሰሙ ድምፆች) አካሄድ ጋር በቀላሉ ይግባባል። አንቺሆዬ ግን ድምፆቹ እርስ በርስ በጠባቡ የተጠጋጉ በመሆናቸው ተራ ኮርድ ሲደረብበት ይጋጫል፤ አቀናባሪው ወይ ኮርዱን ትቶ በአንድ ድምፅ ላይ መቆም፣ ወይ ረጅም ሰዓት ወስዶ የሚስማማውን መፈለግ ይኖርበታል። ዛሬ ከደቡብ አፍሪካ የተነሣው አማፒያኖና ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው አፍሮቢት የተባሉት የጭፈራ ሙዚቃ ስልቶች በየስቱዲዮው ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የምትና የባስ ቁሳቁስ ይዘው በመጡበት ጊዜ፣ ዜማውን ለተዘጋጀው ቁሳቁስ ማስማማት ይቀላልና ቅኝቱ እየጠበበ የሚሄድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ይኸው ነገር በምቱም ላይ ይታያል። የጎጃምና የጎንደር እስክስታ የሚመታው ችክችካ በተባለው በስድስት በሚቆጠር ምት ሲሆን የትከሻው አወራረድም ከዚያው ጋር የተሳሰረ ነው፤ አማፒያኖ ደግሞ በአራት ይቆጠራል። ሁለቱን ያገናኘ አቀናባሪ በእውነት አዲስ ነገር ሠርቷል ማለት ይቻላል፤ ችክችካውን አውጥቶ ጥሎ የሀገር ባህል ልብስ በክሊፑ ላይ ብቻ ያስቀረ ግን ምት ለወጠ እንጂ አዲስ ነገር አልሠራም።

ድምፅን በተመለከተም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ የቀረበው ኦቶ ቲዩን የተባለው የድምፅ ማረሚያ ሶፍትዌር ከመስመር የወጣን ድምፅ ወደ ኪቦርዱ ልክ ይመልሳል። መሲንቆ ጣት የሚያርፍበት የተከፋፈለ ልክ የለውም፤ ድምፁ በጅማቱ ላይ ተንሸራትቶ ይደርሳል፣ ዘፋኙም ተከትሎት ይንሸራተታል። ቅላጼ የምንለው ውበት ያለው በዚያ መንሸራተት ውስጥ ነው። ማረሚያው እስከ መጨረሻው ሲጨመርበት መንሸራተቱን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ይቆራርጠዋል፤ ያኔ ከጎጃም የመጣችው ዘፋኝና ከሌላ ቦታ የመጣችው ዘፋኝ አንድ ድምፅ ይሆናሉ። ጣና ዙሪያ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት የቤተ ክርስቲያን ዜማዎች ሲዜሙ እየሰማ ያደገ ብዙ ሰው አለ፤ ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ በደቡብ ጎንደር ያለችው ቤተልሔም ደግሞ የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ የታወቀች ማስመስከሪያ ናት። እንዲህ ያለው አድማጭ የተቆራረጠን ቅላጼ ስሙን ባያውቀው እንኳ ወዲያው ያውቀዋል፤ «ይህች ልጅ ድምፅ አላት፣ ዘፈኑ ግን አይገባም» ሲል የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ስለዚሁ ይመስለኛል። አዘጋጁ ይህን ስሜት አንሥቶ «ይህን አልበም የመረጥኩት ድምፁ በማረሚያ ስላልታጠበ ነው» ቢል አድማጩ ባይስማማ እንኳ የሚከራከርበት ነገር ያገኛል።

ስለ ግጥም ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በግጥም ላይ ሁሉም አድማጭ ዳኛ ነው።

የጊዜ ጉዳይ ግን ከሚታሰበው በላይ ዝርዝሩን ያዛባል። የእኛ የሙዚቃ ዓመት እኩል አሥራ ሁለት ወር የለውም። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ የሠርግ ወቅት በመሆኑ የጭፈራ ዘፈን የሚፈተነው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሃምሳ አምስት ቀናት ጾመኛው አድማጭ ከዘፈን ይርቃል፣ ሠርግም ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ ሁለተኛው የሠርግ ወቅት ይከፈታል። ጳጉሜን ላይ ዝርዝር የሚያወጣ አዘጋጅ በጆሮው የቀረው ባለፈው ወር የወጣው ነው። በኅዳር የተለቀቀ ጥሩ አልበም በነሐሴ ከተለቀቀ መካከለኛ አልበም ጋር ሲወዳደር የሚሸነፈው አንሶ ሳይሆን ርቆ ነው። በሌላ በኩል በጳጉሜን መጨረሻ የወጣ ሥራ ለዘንድሮው ደርሶ አይመረጥም፣ ለቀጣዩ ዓመት ደግሞ አሮጌ ተብሎ ይዘለላል። መድኃኒቱ ቀላልና አሰልቺ ነው፤ አዘጋጁ በየወሩ የሰማውን መዝግቦ መያዝና ዓመቱን ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚቆጥር ለአድማጩ መንገር።

ከዚህ በኋላ የሚነሣው ጥያቄ ከባሕር ዳር የሚተላለፍ ምርጫ ከአዲስ አበባው በምን ይለያል የሚለው ነው። በከተማዋ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ኤፍ ኤም ባሕር ዳር 96.9ን ጨምሮ የሬዲዮ አገልግሎት አለ፤ አድማጩም ሰፊ ነው። ብዙ ሰው ሬዲዮ የሚሰማው በእጅ ስልኩ ሲሆን የጆሮ ማዳመጫው ገመድ እንደ አንቴና ስለሚያገለግል ያለ ኢንተርኔትና ያለ ዳታ ክፍያ ይሰማል፤ የከተማውን ነጋዴና ከከተማው ውጭ ያለውን ገበሬ በአንድ ሰዓት አንድ ዘፈን የሚያሰማ ሌላ መገናኛ የለም። ሆኖም የክልል ጣቢያ አዘጋጅ አዲስ አበባ ላይ የተመረጠውን ዝርዝር ቅደም ተከተሉን ብቻ ቀይሮ ቢደግመው የአካባቢው አድማጭ ያተረፈው ነገር የለም።

በዚህ አካባቢ ለዝርዝር የሚበቃ ሙዚቃ ሞልቷል። የሙሉዓለም የባህል ማዕከል ከተማዋ ውስጥ ለዓመታት የአካባቢውን ዘፈንና ጭፈራ መድረክ ላይ ሲያቆይ የኖረ ተቋም ነው። በአነስተኛ ስቱዲዮ ተቀርፀው ከዞናቸው ያልወጡ የጎጃም ዘፋኞች አሉ። ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው በአዊ ዞን በአገውኛ የሚዘፈኑ ሥራዎች አሉ፤ የቻግኒዋ ልጅ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) እ.ኤ.አ. በ2001 በስሟ ባወጣችው አልበም ላይ እንደ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ያሉ የጃዝ ሰዎች አብረዋት መጫወታቸው ከዚህ አካባቢ የወጣ ድምፅ እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል የሚያሳይ ነው። በአገውኛ የተዘፈነ አዲስ ሥራ በአማርኛ የሙዚቃ ፕሮግራም የዓመት ምርጫ ውስጥ ቢገባ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ከሁሉም በላይ አስቸጋሪው የአዝማሪው ሥራ ነው። አዝማሪ በየምሽቱ አዲስ ግጥም ይፈጥራል፤ አድማጩን አይቶ፣ የቀኑን ወሬ ሰምቶ፣ ሰም ለብሶ ወርቁን ይጥላል። ይህ የትኛውም ገበያ ላይ «አልወጣም»፣ የተለቀቀበት ቀን የለውም፣ ስለዚህ በማንም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ የተጣለው የሰዓት እላፊ የምሽት ሥራን በሚገድብበት ጊዜ ደግሞ አዝማሪው የሚፈጥርበት ሰዓት ራሱ ጠበበ። አንድ አዘጋጅ መቅረጫ ይዞ ሄዶ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቆና ከፍሎ የዓመቱን ምርጥ የአዝማሪ ግጥሞች ቢያሰማ ከአዲስ አበባው ዝርዝር ፈጽሞ የማይገኝ ነገር ያቀርባል። ይህን የምለው ጥንቱን ለመጠበቅ በማሰብ አይደለም፤ በዚህች ከተማ በየምሽቱ አዲስ የሚባለው ሙዚቃ በትክክል ይህ ስለሆነ ነው።

ያልተነገረው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በሀገራችን ኤፍ ኤሞች በርካታ የሙዚቃ ፕሮግራሞች የሚቀርቡት የአየር ሰዓት ገዝተው በሚሠሩ ተባባሪ አዘጋጆች ነው። የአየር ሰዓቱን ዋጋ በስፖንሰር መሸፈን ያለበት አዘጋጅ ከአሳታሚዎች፣ ከድምፃውያንና ከክለብ ባለቤቶች ጋር በየቀኑ ይገናኛል፤ ከእነሱ አንዱ ስፖንሰሩ ሲሆን ደግሞ ምርጫው ይጠረጠራል፣ አዘጋጁ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ። አሜሪካ ውስጥ የሬዲዮ ዘፈን አስደማጮች ከሸክላ አሳታሚዎች ገንዘብ እየተቀበሉ ዘፈን ያሰሙ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1960 በምክር ቤት ምርመራ ተጋልጦ፣ ክፍያውን ለአድማጭ ሳይናገሩ ማሰማት በሕግ እስከ መከልከል ደርሷል። ሕጉ ገንዘብ መቀበልን በሙሉ አልከለከለም፤ መደበቅን ከለከለ። ለእኛም የሚሠራው ይኸው ይመስለኛል፦ አዘጋጁ ከዝርዝሩ በፊት ከእነማን ጋር የሥራ ግንኙነት እንዳለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፣ የስፖንሰሩን ዘፈን ከምርጫ ያውጣ ወይም ስፖንሰርነቱን ገልጾ ያቅርብ።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው የባለሙያዎቹ ስም ነው። በካሴት ዘመን ሽፋኑን ገልብጦ የግጥሙን ደራሲ፣ የዜማውን ደራሲ፣ አቀናባሪውንና ያጀበውን ባንድ ማንበብ ለአድማጭ የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ሬዲዮ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠራው የድምፃዊው ስም ብቻ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለ፣ ለሥራ አመንጪዎችም ለከዋኞችም መብት ያወቀ ሲሆን የሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ሲሰማ ለባለቤቱ የሚከፈለው ድርሻ፣ አሰባሰብም በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሠራበትን መንገድ ከፍቷል። ሮያሊቲ ለማከፋፈል ግን ጣቢያው የትኛውን ዘፈን በየትኛው ቀን ስንት ጊዜ እንዳሰማ፣ የማን ግጥምና ዜማ እንደሆነ መመዝገብ አለበት። ይህ የማኅደር ሥራ ከዓመት ምርጫ ጋር ምን አገናኘው ቢባል፣ መዝገቡ ያለው ጣቢያ የምርጫው ግማሽ ሥራ ተሠርቶለታል ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አውታርና ከእሱ በኋላ የመጣው ሰዋስው የተባሉት የሙዚቃ መተግበሪያዎች ለባለሙያው ከሽያጭ ድርሻ እንዲደርሰው የሞከሩት ይኸው ምዝገባ በዲጂታል መልክ ስላላቸው ነው።

የዓመት ምርጫ የማይችለው ነገር እንዳለ ማወቅም ተገቢ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ ላይ ያወጣው የኢትዮ ጃዝ አልበም በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ ያገኘው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1998 አራተኛ ጥራዙን ለእሱ ሥራዎች ከሰጠ ወዲህ ነው። አንዳንድ ሥራ ጆሮ እስኪለምደው ዓመታት ይፈጃል፤ ጳጉሜን ላይ የሚቀመጥ ማንም አዘጋጅ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ለባሕር ዳር አዘጋጆች የሚቀርበው ሐሳብ ምርጫው ሁለት ጊዜ እንዲተላለፍ ነው። መጀመሪያ በጳጉሜን፣ አዘጋጁ በስሙ፣ ከየዘፈኑ ጋር አንድ አንድ የሙዚቃ ምክንያት እየሰጠ፣ የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶችን እየጠራ ያቀርበዋል። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት በግንቦት፣ ሁለቱ የሠርግ ወቅቶች ካለፉ በኋላ፣ ያንኑ ዝርዝር መልሶ አውጥቶ የትኛው ዘፈን በሠርግ ቤት እንደተዘፈነ፣ የትኛው እንደተረሳ፣ የትኛውን ደግሞ ጭራሽ ሳይሰማ እንዳለፈው ከአድማጮቹ ጋር በስልክ ይነጋገርበታል። ሁለተኛው ፕሮግራም ከመጀመሪያው የበለጠ እንደሚደመጥ እገምታለሁ።